ጉዳዩ፦ የአኒሜሽን ክበቡን ይመለከታል

ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ፣

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የሚድ ፈተና ውጤት በዚህ ሳምንት በኮሚኒኬሽን ቡክ ይላካል፤ እባካችሁ ፈርማችሁ መልሱልን። የሁለተኛው ሩብ ዓመት የክፍያ ቀን አልተራዘመም። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ባለፈው ዓርብ አሥራ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች አልገቡም። ከግቢ ግን አልወጡም። ዩኒት ሊደሯ ያገኘቻቸው ኮምፒውተር ላብ ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ሲስሉ ነው። ማታ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተባለውን አንብቤያለሁ። የድምፅ መልእክቶቹንም ሰምቻለሁ፤ ሁሉንም። «ክበቡ ይዘጋልን» የሚል ደብዳቤም ደርሶኛል።

ክበቡ አይዘጋም።

ልጆቹ ሐሙስ ማታ ያዩት «ኤይዞኬን» የተባለውን የጃፓን አኒሜ የመጨረሻ ክፍል ነው። ከሱሚቶ ኦዋራ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ተወስዶ፣ በማሳአኪ ዩዋሳ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ ቴሌቪዥን ጣቢያ በኤንኤችኬ የታየ ባለ 12 ክፍል ተከታታይ ነው። በግሩፑ ላይ «ሰይጣናዊ ካርቱን» ተብሏል። ያላችሁት ሰዎች አይታችሁት እንደሆነ አልጠይቅም። እኔ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ክበብ አቋቁመው አኒሜሽን ይሠራሉ። አሳኩሳ ዓለሙን ትፈጥራለች፤ ሚዙሳኪ እንቅስቃሴውን ትስላለች፤ ካናሞሪ ደግሞ ገንዘቡንና ቀነ ገደቡን ትይዛለች። እንደ ካናሞሪ ያለች ሰው ብናገኝ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረታችን (ወተመህ) ሒሳብ በጊዜው ይዘጋ ነበር። ሰይጣን አላየሁም።

በመጨረሻው ክፍል ልጆቹ ፊልማቸውን በዲስክ አባዝተው ባዛር ላይ ሊሸጡ ነው። ቀኑ ደርሷል። ያዘዙት ሙዚቃ ሲመጣ ከማሳረጊያው ትዕይንት ጋር አልሄድ አለ። ሌላ ለማሠራት ጊዜ የለም። ስለዚህ አሳኩሳ መጨረሻውን እንደገና አሰበችው፤ የታሰበው የጭፈራ ትዕይንትም ወጣ። የኛዎቹ ይህን አይተው ነው በማግስቱ ጠዋት ሒሳብ ጥለው ላብ የገቡት። የራሳቸውን ፊልም መጨረሻ ሊቀይሩ ነበር። ጥፋት ነው፤ ቅጣቱን ከታች እገልጻለሁ። ግን ከጥፋት ጥፋትም ይለያል።

አሁን «ካርቱን ሊያዩ ነው ይህን ሁሉ ብር የምንከፍለው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ክበቡ ውስጥ ካርቱን አይታይም፤ ይሠራል። በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል። አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ እየተያዘ እንኳ በሴኮንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። የልጆቹ ፊልም 40 ሴኮንድ ነው። አባዙት፤ 480 ሥዕል ነው። ይህን ያሰላልኝ ሒሳብ አይወድም የምትሉት ልጅ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ የቀሙት አንድ ደብተርም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የገጾቹ ጥግ ላይ በእስክርቢቶ የተሳለ ትንሽ ልጅ አለ። ገጾቹን በአውራ ጣት ስትለቋቸው ልጁ ሮጦ አጥር ይዘላል፤ ሲያርፍ ጉልበቱ ይታጠፋል። ጉልበቱን ልብ በሉልኝ። የደብተሩ ባለቤት ይህን የተማረው ሜዳ ላይ ጓደኞቹ ሲዘሉ ቆሞ በማየት ነው። የፊዚክስ ማስታወሻው ግን ግማሽ ስለሆነ ደብተሩን ገና አልመለስኩለትም።

«ማትሪክ እየመጣ ነው» ትሉኛላችሁ። መምጣቱን እኔም አውቃለሁ። ከ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ የወደቀው ሁሉ አኒሜሽን ሲስል አልነበረም።

«ልጄ ሐኪም እንዲሆን ነው የምፈልገው» የምትሉም አላችሁ። ይሁን፤ ማን ከለከለ? የሚዙሳኪ ወላጆችም የታወቁ ተዋንያን ናቸው፤ ልጃቸው ተዋናይ እንድትሆን ፈልገው ከአኒሜ ክበብ እንዳትገባ ከልክለዋታል። በትምህርት ቤቱ ፌስቲቫል ላይ ግን ሥራዋን ሲያዩት ልጃቸውን በሥዕሎቹ አነቃነቅ ውስጥ አገኟት። እናንተም መጥታችሁ እዩ ነው የምለው። በነገራችን ላይ ተከታታዩ መምህራንንና የተማሪዎች ምክር ቤትን ደንቃራ አድርጎ ማቅረቡ አልተመቸኝም። የትምህርት ቤት ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል።

ቅጣቱ ይህ ነው። አሥራ አንዱም ለሁለት ሳምንት ክበብ አይገቡም። ያመለጣቸውን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቅዳሜ በማጠናከሪያ ትምህርት ያካክሳሉ። የላቡ ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ ዩኒት ሊደሯ ጋር ነው። ወደፊትም ከክፍል የቀረ ተማሪ በዚያ ሳምንት ክበብ የለውም። «ለአንዴ ይለፍ» አይሠራም፤ የኮሚቴ አባል ልጅም ቢሆን።

ስለ መቅረት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ዓርብ ጠዋት ዩኒት ሊደሯ ቀሪዎቹን ፍለጋ ስትደውል ሁለት ወላጆች «አሞት ተኝቷል» ብለው መልሰውላታል። በዚያ ሰዓት ልጆቹ ላብ ውስጥ ነበሩ። ስም አልጠራም። ግን እባካችሁ፣ ልጅ የት እንዳለ ሳታውቁ አትሸፍኑለት። ቢያንስ «ላጣራ» በሉ። ክበቡ ልጆቻችንን ውሸት አስተማረ የሚለውን መልእክት ከላኩት አንዷ ከነዚህ ወላጆች አንዷ መሆኗን ሳይ ስልኬን አስቀምጬ ሻይ ጠጣሁ።

በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአዳራሹ ስብሰባ አለን። ፊልሙ ካለቀ ቀድመን እናየዋለን፤ 40 ሴኮንድ አይበልጥም፣ ከማንም ሥራ አያስቀርም። ቅሬታ ያላችሁ እዚያው ተነስታችሁ ተናገሩ፤ እመልሳለሁ። የድምፅ መልእክት ግን እባካችሁ ይቅርብኝ።

ከሠላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር