የአቪዬሽን ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አጭሩ ክንፍ

በወላጆች ቀን አንዲት እናት «ልጆቻችንን ጦርነት ነው እንዴ የምታስተምሯቸው?» ብለውኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼም ዓመቱን ሙሉ አንድ አውሮፕላን ላይ ምን ስትሠሩ ከረማችሁ ብለዋል። ይህን የምጽፈው ለእነሱም ጭምር ነው።

አውሮፕላኑ የጃፓን ባሕር ኃይል «ዜሮ» የተባለው ተዋጊ ነው። በአገልግሎት ላይ የዋለበት 1940 እ.ኤ.አ. በጃፓኖች ንጉሣዊ አቆጣጠር 2600 ስለነበር ስሙን ከመጨረሻዋ ዜሮ አገኘ። የመረጥነው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ስለተሻሻለ፣ እያንዳንዱ ማሻሻያ ምን እንዳስከፈለም ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ነው። ዋናው መሐንዲስ ጂሮ ሆሪኮሺ ክብደት ለመቀነስ ሲል ለአብራሪው የጥይት መከላከያ ብረት አላደረገለትም። አውሮፕላኑ ሩቅ ይበራል፤ ሲመታ ደግሞ ቶሎ በእሳት ይያያዛል። ልጆቹ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ተከራክረዋል።

ስብሰባችን ረቡዕ ረቡዕ ነበር። 34 ሆነን ጀምረን በ19 ጨረስን።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ወጣን። አውቶቡስ ስላልተፈቀደልን ልጆቹ ከካርቶንና ከሸምበቆ የሠሯቸውን ሞዴሎች ተሸክመው ዳገቱን በእግራቸው ወጡት። የመጀመሪያው ዜሮም ከናጎያ ፋብሪካ ወደ መሞከሪያው ሜዳ የሄደው በበሬ ጋሪ እንደነበር ስነግራቸው ድካሙ ቀለላቸው። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ደግሞ ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ምን እንደሚሠራ ያለ ጥቁር ሰሌዳ ገባቸው፤ ሞተርም ከፍታ ላይ አየር ሲሳሳበት እንደ እኛው ይደክማል።

ከዜሮ ዓይነቶች የሁለቱን፣ ባለ 12 ሜትሩን የሞዴል 21 ክንፍና ወደ 11 ሜትር ያጠረውን የሞዴል 32 ክንፍ በልካቸው አሳንሰን ለቀቅናቸው። አጭሩ ቀድሞ ወረደ። ልጆቹ ሳቁ። አንደኛውን ሴሚስተር አንድ ቃል ያልተነፈሰች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሄዳ አነሳችውና «አትሳቁ፤ የቆረጡት ሰዎች አልተሳሳቱም። ሩቅ መሄድ እንደሚመጣባቸው ግን አላወቁም» አለች። ከዚያ ደብተር ሳትገልጥ አስረዳች። ሞዴል 32 ከ940 ወደ 1,130 የፈረስ ጉልበት ያደገ ሞተር ተገጠመለት፤ ሞተሩ ቦታ ስለወሰደ የነዳጅ ታንኩ አነሰ። ነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ. በፓስፊክ ደሴቷ በጓዳልካናል ውጊያ ተጀመረ፤ ከጃፓኖቹ የጦር ሰፈር ከራባውል እዚያ ድረስ ለመሄድ ብቻ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አጭር ክንፉ ደርሶ ተዋግቶ መመለስ አልቻለም። ስለዚህ በሞዴል 22 ረጅሙ ክንፍ ተመለሰ፣ ክንፉም ውስጥ ተጨማሪ ታንክ ገባ። እኔ በ15 ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ዝም ብዬ ተማሪ ያዳመጥኩበትን ቀን አላስታውስም።

ሞዴል 52 ላይ የደረስነው ዘግይተን ነው። የጭስ ማውጫዎቹ ወደ ኋላ ዞረው ግፊት እንዲጨምሩ መደረጋቸውን፣ የክንፉ ቆርቆሮ መወፈሩን አየን። በመጨረሻ ወጣቶች ይዘውት መርከብ ላይ እንዲከሰከሱ መላካቸውንም አልደበቅናቸውም፤ ያን ቀን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ለጠየቁኝ እናት መልሴ ይኸው ነው።

የነፋስ መሞከሪያ ሣጥናችን ግንቦት ላይ ቬንትሌተሩ ተቃጥሎ ቆሟል። ለስፖርት ማልያ በጀት ሲገኝ ለኮላና ለካርቶን መጥፋቱ ያሳዝነኛል። የሚሠራ አሮጌ ቬንትሌተር ቤቱ ያለው ወላጅ ረቡዕ ከቀኑ 9፡30 በኋላ ፊዚክስ ላብራቶሪ ያገኘናል። ያቺ ተማሪ በሚመጣው ዓመት የክበቡ ሰብሳቢ ናት፤ አጭሩን ክንፍ እንደገና ልትሞክረው ትፈልጋለች።