ድሬዳዋ ከባቡሩ በኋላ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲጻፍ ድሬዳዋ «ባቡር የወለዳት» ተብላ በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፏ፣ እዚያ ተወልጄ ዛሬ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ለቡ ለምኖር አንባቢ ቅር ያሰኛል። ሐዲዱ በተራራው ምክንያት ሐረርን ትቶ በ1895 ዓ.ም. ከቆላው ሜዳ መድረሱ እውነት ነው። ከተማዋን ያጸናት ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ይመስለኛል፤ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ሲቋረጥ ድሬዳዋ ለዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ሆና ቆየች፣ ከጅቡቲ የመጣው ሸቀጥም ከዚያ በግመልና በበቅሎ ወደ መሀል አገር ይጫን ስለ ነበር፣ ግሪኩም አርመኑም ዐረቡም ህንዱም ሱቁን እዚያው ከፈተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

የደቻቱ ወንዝ የሚለያያቸው የከዚራና የመጋላ ሰፈሮች፣ አንዱ በፕላን በተቀየሱ ባለዛፍ ጎዳናዎቹ፣ ሌላው በገበያው ቢታወቁም፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ጨዋታ መካከል የሚቀያየሩት (ዐረብኛውን ሳልቆጥር) በሁለቱም ነው። ያው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

የአዲሱ ባቡር መነሻ ለሰፈሬ መቅረቡ ቢያስደስተኝም፣ የድሬዳዋው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ በመሠራቱ መንገደኛው የከዚራን ሻይ ቤቶች ሳያይ ያልፋል፤ ይህ ለነጋዴው ትንሽ ነገር አይደለም። ዝግጅት ክፍላችሁ ወደፊት ስለ ከተማዋ ሲጽፍ፣ በአሮጌው ጣቢያ የጥገና ወርክሾፕ ያገለገሉትን ጡረተኞች በሕይወት ሳሉ ቢያነጋግር መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከለቡ