አንታሬስ ከጨረቃ ጀርባ ስትገባ

ቺካጎ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሃል? እማማስ ፍልሰታን በሰላም ፈቱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታችን በጣም ረዘመ። ካሜራ መያዝ ያስተማርከኝ አንተ ነህና የሐሙስ ማታውን ላንተ ሳልጽፍ ማደር አልሆነልኝም።

ጨረቃ አንታሬስን ስትጋርዳት ቀረጽኩ! የዐቅራብ ልብ የሚሏትን ያቺን ቀይ ኮከብ ማለቴ ነው። ጨረቃ ገና ግማሽ ነበረች። በሰማይ ላይ ወደ ምሥራቅ የምትጓዘው ጨለማ ጎኗን አስቀድማ ስለሆነ፣ ኮከቧን የሚውጣት ጠርዝ ለዓይን አይታይም። አንታሬስ ባዶ በሚመስል ሰማይ ላይ እያበራች ሳለች ድርግም አለች። ጨረቃ ከባቢ አየር ስለሌላት፣ ኮከብ ደመና ውስጥ ሲገባ እንደምናየው ቀስ እያለች አትደበዝዝም።

ቪዲዮውን በጣም አዘግይቼ ሳየው ግን ብርሃኗ በጥቂት ምስሎች ውስጥ ወርዶ ነው የጠፋው። አንታሬስ ከፀሐይ በመቶዎች እጥፍ የምትሰፋ ግዙፍ ኮከብ ናት፤ የጨረቃ ጠርዝ ፊቷን ሸፍኖ ለመጨረስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የአንድ ኮከብ ስፋት በእኔ ካሜራ ውስጥ! ይህን ሳስብ አሁንም ልቤ ይመታል።

እ.ኤ.አ. በ1819 ኦስትሪያዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐን ቶቢያስ ቡርግ ቪየና ላይ አንታሬስ ከጨረቃ ጀርባ እስክትወጣ ሲጠባበቅ፣ አስቀድሞ አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ብቅ አለች፤ ዋናዋ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ተከተለች። አጃቢ ኮከቧ መጀመሪያ የታየችው እንዲህ ነው። አጃቢዋን ለመለየት የእኔ ሌንስ አይበቃም፤ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል።

አንተም ሞክረው። ፎቶግራፍ ቅጽበቷን ስለሚያሳልፍ ቪዲዮ ይሻላል። ሌንሱን በእጅህ ኮከቧ ላይ አጥራ፣ ብርሃኑንም ለእሷ መጥን። የጨረቃ ብሩህ ጎን ነጭ ሆኖ ቢቃጠል ይቃጠል፤ የምንፈልገው ኮከቧን ነው። ቀድመህም መቅረጽ ጀምር።

ጨረቃ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ድረስ በየወሩ አንታሬስን ትጋርዳለች፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ግርዶሽ የሚታየው ከተወሰነ የምድር ክፍል ብቻ ነው፤ ሰዓቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ካሜራህን የምትተክልበትን ሥፍራ ጻፍልኝ፤ እንጦጦም ይሁን የቤታችሁ ሰገነት። ለአንተ ሰማይ የሚደርሰውን በኮምፒውተር አስልቼ እልክልሃለሁ።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

ወንድምህ