የካሎ ጡብና የእኛ ማድቤት

ለውድ አባቴ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ድምፄን ከፍ አድርጌብዎ ነበርና ይቅር ይበሉኝ። አያቴ የሠሩትን ማድቤት አፍርሰው በድንጋዩ አጥር ሊያሠሩ መሆኑን ሲነግሩኝ ሆዴ ባባ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

እሑድ ዕለት አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ እዚህ ዴንማርክ ከምኖርባት ከኦርሁስ ብዙ ወደማትርቅ ሮንደ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄጄ ነበር። ያየሁትን ልጻፍልዎ። ዕድሜዎን ሁሉ ግንበኛ ሆነው ኖረዋልና ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይረዱታል።

ከከተማዋ በታች ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ብሎ ወሽመጥ ሠርቷል። እዚያ ውስጥ ካሎ የምትባል ደሴት አለች፤ በላይዋ ላይ የፈረሰ ግንብ ቆሟል። ወደ ደሴቷ የሚያደርሰው በመካከለኛው ዘመን በድንጋይ የተነጠፈ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ ነው። ድንጋዩ መሮ አልነካውም፤ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ስለሚል ዓይንን ከእግር ሥር ማንሳት አይቻልም። ግራና ቀኙ ውኃ ነው፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። እርስዎ ቢሆኑ ነፋሱን ረስተው፣ ጎንበስ ብለው አነጣጠፉን ሲመረምሩ ይመሽብዎት ነበር።

ግንቡን ያሠራው ኤሪክ ሜንቬድ የሚባል ንጉሥ ነው፤ ዘመኑም 1313። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በዚያ ዓመት ዩትላንድ የሚባለው የዚህ አካባቢ ምድር ገበሬዎች ግብሩ ከብዷቸው አመፁ፤ ከመኳንንቱም አብረዋቸው የቆሙ ነበሩ። ንጉሡ ደመሰሳቸውና ዳግመኛ ቀና እንዳይሉ በአገራቸው ግንቦች እንዲሠሩ አዘዘ። ካሎ አንዱ ነው። ጉልበቱን የከፈሉት እነዚያው የተሸነፉት ገበሬዎች ናቸው። በገዛ እጃቸው ጠባቂያቸውን ገነቡ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ በቱምቢ የሚለካው ማን ይሆን?

ንጉሡ ግን ብዙ አልቆየም፤ በ1319 ሞተ። ተተኪው ክሪስቶፈር ዳግማዊ ለመንገሥ ሲል በ1320 ለመኳንንቱ ከፈረመላቸው ግዴታዎች አንዱ እነዚህን ግንቦች ማፍረስ ነበር። ስለዚህ ካሎ በተሠራ በሰባት ዓመቱ ፈረሰ። ኋላ በንጉሥ ቫልደማር አተርዳግ ዘመን እንደገና ተሠርቶ የንጉሥ ሹም መቀመጫ ሆነ።

በሰፊው የሚወራለት እስረኛው ነው። የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን ዳግማዊ በ1518 ከስዊድን በመያዣነት ካመጣቸው ወጣቶች መካከል ጉስታቭ ቫሳ የሚባለው እዚህ ተቀመጠ። በዓመቱ አመለጠና ሉቤክ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ገባ፤ የከብት ነጂ መስሎ ነው ይላሉ። በ1520 አባቱ ስቶክሆልም ላይ አንገታቸው ተቀላ። እሱ በ1523 የስዊድን ንጉሥ ሆነ። በመንገዱ ላይ ስመለስ ከንግሥናው ይልቅ የአባቱ ነገር ነው በሐሳቤ የተመላለሰው።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። ካሎን ጦርነት አላፈረሰውም። በ1672 የንጉሥ ፍሬድሪክ ሣልሳዊ ዲቃላ ልጅ ኡልሪክ ፍሬድሪክ ጊልደንሎቨ እጅ ገባ። ሰውየው በዚያው ጊዜ ኮፐንሃገን ውስጥ ቤተ መንግሥት ያሠራ ስለነበር ጡብ ያስፈልገዋል። ግንቡን አስፈረሰና ጡቡን በመርከብ ወሰደው። ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ ሻርሎተንቦርግ ይባላል፤ ከ1754 ጀምሮ የሥነ ጥበብ ትምህርት መኖሪያ ሆኗል። የገበሬዎቹ ቅጣት ተጭኖ ሄዶ የሠዓሊዎች ቤት ሆነ። መጀመሪያ በሰውየው ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን እዚያው ቢቀር ኖሮ ጡቡን ማን ያየው ነበር አልኩ። አሁንም ልቤ በአንዱ አልጸናም።

ከግንቡ ጎላ ብሎ የቀረው የማማው ቁራጭ ነው። ጡቡ ዛሬ ከሚሠራው ይልቅ ትልቅ ነው። በአንዱ መገጣጠሚያ ጣቴን ሰድጄ ኖራውን ነካሁት፤ ጥቂቱ እንደ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ያለው ግን ጥፍር አያስገባም። በማማው ውስጥ ሰው እንዲወጣበት በቅርብ ዓመታት የብረት ደረጃ ተተክሎበታል። የደረጃው አሠራር ደስ ይላል፤ በጥቂት ቦታ ብቻ ግድግዳውን ይነካል እንጂ አልተደገፈበትም። አሮጌውን ግንብ እንዳያስቸግረው እንደሚጠነቀቅ እንግዳ ነው።

ስለ ማድቤቱ እንግዲህ አልከራከርም። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ከብት አጥር ጥሶ ይገባል፣ ሲሚንቶም እንደምንም የሚገዛ አልሆነም። እርስዎ ያሉት ይሁን። ልመናዬ አንድ ነው። ከመግቢያው በስተቀኝ ያለችውን፣ እናቴ ቢላዋ ስትስልባት መሐሏ የጎደጎደውን ድንጋይ ከአጥሩ አይጨምሯት። ከቤት በረንዳ ላይ ትቀመጥልኝ፤ ስመጣ አገኛታለሁ። ሲያፈርሱም ብቻዎን መሰላል ላይ አይውጡ፤ ጉልበትዎ እንደ ድሮው አይደለም። የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ በዚህ ወር መጨረሻ እልካለሁ።

ለእናቴ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ፣ ከኦርሁስ