ነካሿን ማረድ መፍትሔ አይሆንም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በከተማችን በየግቢው ጥቂት እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን የምናረባ ሰዎች በርክተናል። ስለ መኖ ዋጋና ስለ ክትባት ብዙ ይጻፋል፤ ዶሮዎች እርስ በርስ ስለሚበላሉበት ምክንያት ግን እምብዛም ሲነገር ስለማልሰማ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከገዛኋቸው 12 ቄቦች አንዷን፣ መጣል በጀመሩ ሰሞን፣ ኋላዋ ተቦጭቆ ደም እየፈሰሳት አገኘኋት። ጎረቤቶቼ «ነካሿን ለይተሽ አሳርጃት» ስላሉኝ እንዲሁ አደረግሁ። ወጧ አልከፋም ነበር፤ ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ ሌላዋ መንከስ ጀመረች።

ያኔ ነው ቤቱን ልብ ብዬ ያየሁት። ወለል ላይ ለሚረቡ ጣይ ዶሮዎች በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 እንዳይበልጡ ይመከራል፤ የእኔዎቹ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል በማትሞላ ቤት ታጭቀው፣ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል በርቶባቸው ያድሩ ነበር። መኖ ሲወደድብኝም በቆሎና ፉርሽካ እየጨመርኩ አበዛው ነበር። ጣይ ዶሮ በመኖዋ ውስጥ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ በቆሎ ብቻውን 10 በመቶ እንኳ የለውም። ፕሮቲን ወይም ጨው የጎደላት ዶሮ ደግሞ የጓደኛዋን ላባ ወደ መንጨት ታዘነብላለች።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የእንቁላል መጣያው ነገር ነው። ዶሮ እንቁላሉን በጣለች ቅጽበት የኋላዋ ውስጠኛ ክፍል ለአጭር ጊዜ ወደ ውጭ ወጥቶ ቀልቶ ይታያል፤ መጣያው ብርሃን የሚገባበት ከሆነ አጠገቧ ያሉት ያንን ቀይ ነገር ይነቁሩታል፤ ደም አንዴ ከታየ ደግሞ ነካሽ የምትባለው ብቻ ሳትሆን መንጋው ሁሉ ይረባረብባታል።

ስለዚህ የተጎዳችውን እስክትድን ለይቼ፣ መጣያውን በጆንያ ጋርጄ፣ ቤቱን አሰፋሁ፤ መኖውንም ፕሮቲን ባለው በኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው የኑግ ተረፈ ምርት) አስተካከልኩ። የሐበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ስትጭር ስለምትውል ጓደኛዋን ለመንጨት ጊዜ የላትም፤ እኔም ለእነዚህ ጥቂት እህል ጭዱ ላይ እየበተንኩ፣ ጎመንም ከፍ አድርጌ እያንጠለጠልኩ ሥራ ሰጠኋቸው። መነካከሱ ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ የተነጨው ላባ ግን ለመመለስ ወራት ፈጅቷል።

አንዳንዶች ምንቃሩን በቤታቸው በምላጭ እንደሚቆርጡ ሰምቻለሁ። ምንቃር ነርቭ ያለው አካል ስለሆነ ይህ ዶሮዋን ክፉኛ ያሳምማታል፤ የሚደረግ ከሆነም በጫጩትነት የመጀመሪያ ቀናት በባለሙያ እጅ ብቻ መሆን አለበት።

ቄብ የሚያከፋፍሉ ክፍሎች ለስንት ዶሮ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚበቃ፣ መጣያው የት መሆን እንዳለበትና መኖው በምን መጠን እንደሚቀላቀል የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ከቄቦቹ ጋር እንዲሰጡን በጋዜጣው በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ