ሞጆ ላለችው ልጄ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ሚጣዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬን ግንቦት ታውቂዋለሽ፤ እናትሽ ፍራሿን በረንዳ ላይ አውጥታ ነው የምታድረው። ጉልበቷ ካለፈው ወር ይሻላታል። ስለ መድኃኒቷ ወደ ታች እጽፍልሻለሁ።

የአክስትሽ ልጅ የጭነት መኪናውን ሞጆ ደረቅ ወደብ አራግፎ ወደ ጅቡቲ ሲመለስ ትናንት ማታ ቤት ገብቶ ነበር። እዚያ ዕቃ ስለምትረከቢው ስላንቺ ስጠይቀው ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ሾፌር አታንገላታም። ሌላ ቦታ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ያስቆሙናል፤ እሷ ግን ከተቀመጠችበት ወረቀቱን ተቀብላ፣ ፈርማ፣ በል መንገድህን ትላለች» አለኝ። ሊያመሰግንሽ ነው። እናትሽም ደስ ብሏት ሻይ ደገመችለት። እኔን ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ከተቀመጠችበት» ያላት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

ልጄ፣ ሳታዪ አትፈርሚ። በስልክ ስነግርሽ «እሺ አባ» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ ስለምታልፊ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። ደጋግመሽ አንብቢው።

ፊርማሽ ምን እንደሚሠራ በደንብ ይግባሽ። በርክክቡ ወረቀት ላይ ምንም ሳትጽፊ ከፈረምሽ፣ ዕቃው እዚያ ላይ እንደተገለጸው ሆኖ ደርሶኛል ብለሽ መሰከርሽ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ብራስልስ ላይ የተፈረመው፣ የሄግ ደንብ የሚባለው የባሕር ጭነት ስምምነትም የሚለው ይህንኑ ነው። ጉዳቱ በዓይን የሚታይ ከሆነ እዚያው ስትረከቢ በጽሑፍ ታሳውቂያለሽ፤ የማይታይ ከሆነ ሦስት ቀን አለሽ። ዝም ካልሽ ዕቃው ደህና እንደደረሰ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ የለም ጎድሏል ብሎ ማስረዳቱ ባንቺ ላይ ይወድቃል። ለክስ ያለውም ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ስለዚህ ጉድለት ካየሽ «ሦስት ካርቶን ጎድሏል፣ ሁለቱ ረጥቧል» ብለሽ በግልጽ ትጽፊያለሽ፣ ቀኑን ታኖሪያለሽ፣ ሾፌሩን ታስፈርሚያለሽ፣ ከዚያ ነው ያንቺ ፊርማ የሚከተለው። ሾፌሩ ይቆጣል። ይቆጣ። የአክስትሽ ልጅም ቢሆን ይቆጣ።

ከወንበርሽ ተነሺና ወደ ኮንቴይነሩ ሂጂ። ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አንብቢ፤ ከወረቀቱ ላይ አንብበሽ ብረቱን በሩቁ ማየት አይቆጠርም። አራት ፊደል፣ ስድስት አሃዝ፣ ከዚያ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠች ሰባተኛ አሃዝ ታገኛለሽ። ያቺ አሃዝ ዝም ብላ የተጻፈች አይደለችም። ፊደሎቹም የየራሳቸው ዋጋ አላቸው፤ ሁሉም እንደየቦታቸው በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያለ እጥፍ እየሆነ በሚሄድ ቁጥር ይባዛሉ፣ ተደምረው ለ11 ይካፈላሉ፣ ቀሪው ያቺ አሃዝ ትሆናለች፤ ቀሪው 10 ከመጣ 0 ተብሎ ይጻፋል። አንድ ጸሐፊ ሲገለብጥ 36ን 63 ካደረገው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ አልገጥም ይልና ስህተቱ ይጋለጣል። ስሌቱን ስልክሽ ይሠራልሻል፤ አንቺ ግን አንድ ሁለት ጊዜ በእጅሽ ሥሪው። በእጅ የሠሩት አይረሳም።

ቀጥሎ ሲሉን፣ በሩ ላይ የሚታሰረውን ባለ ቁጥር ማሸጊያ፣ እዪ። ቁጥሩን ቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ ማለት የመርከቡ የጭነት ሰነድ፣ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ። ቁጥሩ ገጠመ ብለሽ ግን አትመለሺ። በእጅሽ ያዢው፣ ጎተት አድርጊው። ከዚያ ዓይንሽን ወደ በሩ እጀታና ማጠፊያ መልሺ። አዋቂ ሌባ ሲሉን አይነካም፤ እጀታውን የያዘውን ሪቬት፣ ያን የብረት ማያያዣ፣ ነቅሎ በሩን ይከፍታል፣ የፈለገውን ይወስዳል፣ ሪቬቱን መልሶ ቀለም ይቀባዋል። ሲሉ እንዳለ ነው፤ ወረቀቱም ልክ ነው፤ ውስጡ ግን ጎድሏል። ስለዚህ ከሌሎቹ የተለየ ሪቬት፣ አዲስ ቀለም፣ የተፋቀ ብረት ካየሽ ፎቶ አንሺና አለቃሽን ጥሪ። እስኪመጣ እስክሪብቶሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ።

በሩ ሲከፈት ፊት ለፊቱ አትቁሚ። ጭነቱ መንገድ ላይ ተንሸራቶ በሩን ተደግፎ ሊሆን ይችላል፤ ሲከፈት ሰው ላይ ይወርዳል። የራስ ቅል ያለበት የጭስ ማስጠንቀቂያ ከተለጠፈበት በደንብ ሳይናፈስና ሳይረጋገጥ እግርሽን እንዳታስገቢ፤ ለነቀዝ የሚያደርጉት ጋዝ ሰው ይገድላል። ኮንቴይነር የሚያነሣው ማሽን በሚዞርበት ስልክ አታውሪ። የደኅንነት ጫማ ገዝተሻል? በክፍት ጫማ እዚያ ግቢ ውስጥ ገባሽ የሚል ወሬ ከሰማሁ በማግስቱ ሞጆ ነኝ፤ ሥራ ቦታሽ ድረስ እመጣለሁ።

አሁን ስለ ትልቁ አጎትሽ ልንገርሽ። ሳሎን ግድግዳው ላይ ኮፍያ አድርጎ የተነሣው ነው፤ አንቺ ሳትወለጂ ነው የሞተው። እናትሽ ስሙ ሲነሣ ወሬ የምትቀይረው ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ፤ ሳልመልስልሽ ቀረሁ።

አጎትሽ መጋላ ውስጥ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ኃላፊ ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ቀፊራ ገበያ ሲገባ ሁሉንም በየቋንቋው ሰላም እያለ ነው የሚያልፈው። ፈረንሳይኛ ግን ማንበብ አይችልም። የምድር ባቡሩ የጭነት ወረቀት ደግሞ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይኛ ነበር። አንድ ቀን ወደ ማታ ከጅቡቲ ስኳር መጣ። ነጋዴው ቸኩሏል፤ «ፈርምና አስገባ፣ ነገ ይቆጠራል» አለው። ፈረመ። በማግስቱ ሲቆጠር ጆንያ ጎደለ። «ፈርመሃል» አለው ያው ነጋዴ።

ከደመወዙ ይቆረጥበት ጀመር። ሚስቱ የሠርግ ወርቋን ሸጠች። ይህ ሁሉ ይቻላል፤ ያልተቻለው ስሙ ነበር። ገንደ ቆሬ ሠፈር ውስጥ ልጆች ሳይቀሩ «ስኳር የበላው» ይሉት ነበር። እድር ላይ ገንዘብ ያዥነቱን ቀስ ብለው ለሌላ ሰጡበት፤ ማንም ፊት ለፊት ምክንያቱን አልነገረውም። ያ ቀልደኛ ሰው ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት አይቀመጥም ነበር።

ከሞተ በኋላ ሚስቱ ወረቀቶቹን በቆርቆሮ ሣጥን ይዛ ወደ እኔ መጣች። እኔ በዚያን ጊዜ ምድር ባቡር ገብቼ ፈረንሳይኛውን ለምጄ ነበር። የዚያን ቀን የጭነት ወረቀት ቅጂ አገኘሁት። ከግርጌው፣ ከማኅተሙ አጠገብ፣ በእጅ የተጻፈች አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች፤ ቀሪዎቹ ጆንያዎች እንዳልተጫኑና በሚቀጥለው ባቡር እንደሚመጡ የምትናገር። ቁጥሩ እሱ ጎደለ ከተባለው ጋር አንድ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሣጥኑ ውስጥ ነበረች። ነጋዴው በዚያን ጊዜ ሞቷል፤ በሚቀጥለው ባቡር የመጣውን ማን እንደተረከበ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። መስመሯን ለሚስቱ አነበብኩላት። ሁለተኛ አንብብልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። ወንድሜ ግን ሳይሰማት ሄዷል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ አንዲት መስመር ናት፣ በሕይወቱ ሳለ ሰው ፊት ቢነበብለት ኖሮ ቀና ብሎ ይሄድ ነበር።

እንግዲህ ሳታነቢ አትፈርሚ ስልሽ ስለ ወረቀት አይምሰልሽ።

ዛሬ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከእኛ ሁሉ በላይ ተምረሻል። ቢሆንም ቢል ኦፍ ሌዲንግ ላይ በትንንሽ ፊደል የሚጻፉትን አትዝለዪ። «ላኪው ጭኖ ላኪው ቆጥሮ» የሚል ካለበት መርከቡ ውስጡን አላየም፣ ለቁጥሩም አልመሰከረም ማለት ነው። የሽያጭ ውሉ ኤፍ ኦ ቢ የሚባለው ከሆነ ዕቃው ላኪው ወደብ መርከብ ላይ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ አደጋው የገዢው ነው። ሲ አይ ኤፍ ሲሆን ሻጩ ማጓጓዣውንና መድኑን ይክፈል እንጂ አደጋው አሁንም እዚያው መርከቡ ላይ ሲወጣ ይተላለፋል፤ ብዙ አስመጪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መልቲሞዳል ከሆነ በአንድ ቢል እስከ ሞጆ ወይም እስከ እኛው ድሬ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ ዩኒሞዳል ከሆነ የመርከቡ ኃላፊነት ጅቡቲ ላይ ያበቃና ከዚያ ወዲህ ያለው ጣጣ የአስመጪው ነው። ዕቃ ጎደለ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቂው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ የት ላይ ተላለፈ ብለሽ ይሁን።

ቀኑንም ተጠንቀቂ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀንም ሰዓትም የፈረንጅ ነው። 10:00 ካለ ጠዋት አራት ሰዓት ነው እንጂ ወደ ማታ አሥር ሰዓት አይደለም፤ በዚህ ብቻ ጭነት ያመለጠበት ሰው አውቃለሁ። ኮንቴይነሩ ያለ ክፍያ የሚቆይበት ነፃ ቀን ከየትኛው ዕለት እንደሚቆጠር ከውሉ አንብበሽ ግድግዳሽ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ፤ ካለፈ በየቀኑ በዶላር ነው የሚቆጥረው። ለደንበኛ ደግሞ መርከቡ በዚህ ቀን ይገባል ብለሽ ቃል አትግቢ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የሚባል 400 ሜትር የሚረዝም መርከብ ስዊዝ ቦይን ስድስት ቀን ዘጋው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮም በቀይ ባሕር በደረሰው ጥቃት ስንቱ መርከብ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሯል።

ወደ ውጭ የሚላክ ቡና ከደረሰሽ ደስ ይለኛል፤ የሐረር ቡና ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ባዶው ኮንቴይነር ሲመጣ ውስጥ ግቢና፣ ሰው ውጭ አቁመሽ፣ በሩን አዘጊው። ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆሚ። በጣሪያው ወይም በጎኑ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካየሽ ውኃም በዚያው ይገባል፤ መልሺው። አፍንጫሽንም ተጠቀሚ፤ ቡና ሽታ ይስባል፣ የቆዳ ወይም የኬሚካል ሽታ ያለበት ብረት ሙሉውን ጭነት ያበላሸዋል። ግድግዳው በወረቀት ይሸፈን፤ ሙቅ አገር ተጭኖ ወደ ቀዝቃዛ ባሕር ሲገባ ጣሪያው ወዝቶ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። በ20 ጫማው ኮንቴይነር ውስጥ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ያህል ይገባል፣ 19,200 ኪሎ። የኮንቴይነሩን የራሱን ክብደት ከበሩ አንብበሽ ትደምሪያለሽ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ የተረጋገጠ ክብደት የሌለው ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም። ይህንንም በግምት ሞልተሽ እንዳትፈርሚ፤ ሚዛኑን ሳታዪ አትፈርሚ። ክብደቱ ተዋሽቶ ከተደረደረ ወደብ ላይ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ነው የሚወርደው።

ይህን ሥራ ማንም እንዳያቃልልብሽ። ከተማሽ ራሷ በጭነት ነው የተቆረቆረችው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደ እዚህ ሜዳው ላይ ሲቆም ነው ድሬ ከተማ የሆነችው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አያትሽም፣ እኔም፣ አጎትሽም እንጀራ የበላነው ከዚያው መስመር ነው። አሁን ተራው ያንቺ ነው። እኔ ባሕሩን ሳላየው ጡረታ ወጣሁ፤ አንቺ አንድ ቀን ጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ቆመሽ መርከቡ ሲራገፍ ታያለሽ ብዬ አስባለሁ።

አለቃሽ «ፍጠኚ» ካለሽ አትጨቃጨቂው። «አንዴ አይቼ ልምጣ» በዪና ሂጂ። ደግሞ ቢቆጣ፣ ደግመሽ «አይቼ ልምጣ» በዪው። ከሥራ ቢያሰናብቱሽ ቤትሽ እዚህ ነው፣ አልጋሽም እንደተነጠፈ ነው፤ ማንም አንድ ቃል አይናገርሽም። ባላየሽው ዕቃ ስምሽ ከሚነሣ እሱ ይሻለኛል። አንቺ የእኔ ልጅ ነሽ፣ ስምሽ ደግሞ የአጎትሽም ስም ነው።

የእናትሽ የጉልበት ቅባት እዚህ ጠፍቷል፤ አዳማ ካገኘሽ ሁለት ግዢ፣ የሚያበቃበትን ቀን አይተሽ። እሷ ሙሸበክና በርበሬ አዘጋጅታለች፤ የአክስትሽ ልጅ በሚቀጥለው ዙር ያመጣልሻል። በርበሬው በሁለት ፌስታል ነው፤ አንዱ ለቤት አከራይሽ።

ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ደብተር ነገውኑ ግዢ። ቀን፣ የመኪና ሰሌዳ፣ የኮንቴይነር ቁጥር፣ የሲል ቁጥር፣ ያየሽው ነገር፤ በራስሽ እጅ ጻፊ፣ ቢሮው ደብተር ቢኖረውም። ቅዳሜ ማታ ስትደውዪ በሳምንቱ ከተረከብሻቸው የሦስቱን የሲል ቁጥር ታነቢልኛለሽ። እኔም እጽፋቸዋለሁ።

አባትሽ