ዘገየች የተባለችው እህቴ ናት

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጡት ካንሰር ያወጣችሁት ዘገባ እኛም ቤት ተነቧል። ያነበበችው ራሷ ታማሚዋ፣ ታናሽ እህቴ ናት። ጨርሳ ስልኳን አስቀመጠችና «እኔ ነኝ እንዴ የዘገየሁት?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ይኸው ለእናንተ እየጻፍኩ ነው።

«ሴቶቹ እብጠቱን ደብቀው፣ ጠበል ሲመላለሱ ቆይተው ነው የሚመጡት» ብላችኋል። አንድ መስመር ናት፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ ሴቶቹ ላይ ጥላ አለፈች።

እህቴ አልደበቀችም። እብጠቱን በዳበሰች በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ጤና ጣቢያ ሄደች። ያኔ የአምስት ወር ልጅ ታጠባ ነበር። «ወተት ቋጥሮ ነው» አሏት። አሞክሳሲሊን ታዘዘላት፣ በሞቀ ጨርቅ ያዢው ተባለች። ጥር ላይ ተመለሰች፤ ሌላ አንቲባዮቲክ ሰጧት። የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጡት አስጥዪው፣ ይጠፋል» አሏት። አስጣለችው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ እኔ አቅፌው ቤቱ ውስጥ እዞራለሁ፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እብጠቱ ግን አልጠፋም። ግንቦት ላይ ለአራተኛ ጊዜ ስትሄድ የጡቷ ቆዳ የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ነበር። ሪፈር የተጻፈላት ያኔ ነው። ከዚያ የአልትራሳውንድ ወረፋ፣ የናሙና ቀጠሮ፣ ውጤት ጥበቃ። ካንሰር መሆኑ የተነገራት ነሐሴ 3 ቀን ነው። ቁጠሩት፣ 240 ቀን ነው።

ጠበልም ሄዳለች፣ አልዋሽም። የሄደችው ግን የታዘዘላትን ኪኒን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው፣ አንዱንም ሳታስተጓጉል። ታዲያ የዘገየው ጠበሉ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጡት ካንሰር ማዕቀፍ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት ይላል። የሚቆጠረው ታማሚዋ መጀመሪያ ጤና ተቋም ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ነው። የእህቴ የዚህ አራት እጥፍ ፈጀ። ጉዳዩን የሚያጠኑ ሰዎችም መዘግየቱን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ታማሚዋ ቤቷ የቆየችበት አለ፣ ጤና ተቋሙ ያቆያትም አለ። እናንተ የመጀመሪያውን ብቻ ጽፋችሁ ሁለተኛውን ለምን ተዋችሁት? ሁለት ሐኪሞችና አንድ ኃላፊ አነጋግራችኋል። አንዲት ታማሚ ማነጋገር ይህን ያህል ከበዳችሁ?

ጤና ጣቢያ የሚሠሩትን ልጆች ለመክሰስ አይደለም። ወረፋው በሩን አልፎ ግቢ ውስጥ ሲጠማዘዝ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አልትራሳውንድም የላቸውም። በምታጠባ እናት ጡት ላይ እብጠት ሲያዩ መጀመሪያ ወተት ነው ወይም ኢንፌክሽን ነው ማለታቸውም ስህተት አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱው ነውና። ስህተቱ መድኃኒቱ አልቆ እብጠቱ እዚያው ሲገኝ ያንኑ መድገም ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ «ሂጂ፣ አልትራሳውንድ ተነሺ» ቢሏት ኖሮ ጥር ላይ እናውቅ ነበር። ይህን አስባለሁ፣ ሌሊት ሌሊት በተለይ።

ደግሞ እናንተ የጻፋችሁት እንዲሁ አይቀርም። ጎረቤታችን ዘገባችሁን አንብበው መጥተው «ምነው ልጄ፣ ቶሎ ብትሄጂ ኖሮ» አሏት። እሳቸው በክፋት አይደለም፣ ጋዜጣ ላይ ያዩትን ነው የነገሯት። እህቴ ኬሞ ላይ ናት፣ ፀጉሯ ረግፏል፣ ሻሿን አስተካክላ ዝም አለቻቸው።

የምጠይቃችሁ እርማት ነው። ያችን መስመር ባወጣችሁበት ቦታ ላይ፣ ጤና ተቋም በጊዜ ሄደው የተመለሱ ሴቶችም እንዳሉ ጻፉ። የእህቴ ካርድ እኔ ዘንድ አለ። የሄደችባቸው አራቱም ቀናት ተጽፈውበታል፣ ከእያንዳንዱ ቀን ሥር የታዘዘላት ነገር አለ። ጋዜጠኛችሁ ቤት ድረስ ይምጣና ይየው።

አንዲት አስታማሚ
ከአዲስ አበባ